ስንት ሰዓት ተጫውታችሁ ነው የጻፋችሁት?

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ቪዲዮ ጌም የምትጽፉና በቪዲዮ የምትተቹ ወጣቶች ቁጥራችሁ እየበዛ ነው። አንዳንዶቻችሁም የጻፋችሁትን እንድመለከትላችሁ ታመጡልኛላችሁ። እኔ በሬዲዮና በጋዜጣ ስፖርትና ኪነ ጥበብ እየዘገብኩ፣ በኋላም የሌሎችን ጽሑፍ እያረምኩ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጆይስቲክ የጨበጥኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፍላችሁ ጌም ከእናንተ የበለጠ አውቃለሁ ብዬ አይደለም። ስለ መጻፍ ግን የምለው አለኝ፤ በተለይ እናንተ ደጋግማችሁ ስለምትከራከሩበት ጉዳይ። ስለ አንድ ጌም ለመጻፍ ምን ያህል መዘጋጀት ይበቃል? መጨረስ ግዴታ ነው? ጎበዝ ተጫዋች መሆንስ?

የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአንባቢ ያለባችሁ ዕዳ የሚለካው በምትጽፉት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ነው። «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት አሰልቺ ናቸው» ብሎ ለመጻፍ ሦስት ሰዓት መጫወት ይበቃል። «ታሪኩ መጨረሻው ላይ ይበላሻል» የሚል ሰው መጨረሻውን ማየት አለበት። «በዘንድሮው የኳስ ጌም በረኞቹ ተሻሽለዋል» የሚል ሰው ደግሞ የአምናውን በደንብ ተጫውቶት መሆን አለበት። «በዚህ ዓመት ከወጡት ሁሉ የሚወዳደረው የለም» የምትለዋን ግን እንድትጽፏት አልመክርም። የዓመቱን ጌሞች ሁሉ ተጫውቶ የሚጨርስ ሰው ገና አልተወለደም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የምትለዋን ተረት ሰዎች በጌም ተቺ ላይ መወርወር ይወዳሉ። ተረቷ እውነት ናት፤ ግን መማሩ እስከ ምን ድረስ ነው? እዚሁ ጎጃም ውስጥ ዳዊት የደገመ ልጅ ለታናናሾቹ ፊደል ያስቆጥራል። ቅኔ ለማረም ከፈለገ ግን ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሄዶ ቅኔ ቤት መክረም አለበት። ዳዊት ስለ ደገመ ብቻ የቅኔ መምህር ነኝ ቢል ይሳቅበታል። ቅኔ ስላልተቀኘ ግን ፊደል አታስቆጥር የሚለው የለም። የደረሰበትን ያህል ሥልጣን አለው። ከጌም ተቺም የምጠብቀው ይኸንኑ ነው።

ስለ ጉብዝናው ጉዳይ ሁለት ታሪኮች አሉኝ፤ ሁለቱም የአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) በ2007 ማስ ኢፌክት የተባለውን የጠፈር ጀብዱ ጌም ገምግሞ ክፉኛ ነቀፈው። በዚህ ጌም ተጫዋቹ ወደፊት በተራመደ ቁጥር የክህሎት ነጥቦችን ያገኛል፤ እነዚህን እያከፋፈለ ጀግናውንና አጋሮቹን ያጠነክራቸዋል። ጋዜጠኛው ግን ነጥቦቹን ሳያከፋፍል ነበር የተጫወተው፤ ጌሙ ከመጠን በላይ የከበደውም ለዚህ ነው። በኋላ ስህተቱን በይፋ አመነ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ይኸው ሰው ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ ከተማ በሚካሄደው የጌምስኮም ዐውደ ርዕይ ላይ ካፕሄድን ሲሞክር ተቀረጸ። ካፕሄድ በ1930ዎቹ የካርቱን ፊልሞች አሣሣል የተሠራ፣ አስቸጋሪነቱ የታወቀ ጌም ነው። በ26 ደቂቃው ቪዲዮ ውስጥ ሰውየው ገና ጀማሪን እንዴት እንደሚዘል በሚያስተምረው ክፍል ላይ ሲቸገር ይታያል። ኢንተርኔቱ ተንጫጫ። ይህ ሰው ስለ ጌም ይጽፋል ወይ ተባለ፤ ስድቡም ዘለፋውም ወረደበት።

የበለጠው ጩኸት በሁለተኛው ላይ መሆኑ ዛሬም አይዋጥልኝም። በ2007 ያልደረሰበትን ነገር ደርሼ አይቻለሁ በሚል ድምፅ ፍርድ ሰጥቷል፤ ያ ዕዳ ነው። በ2017 ግን ምንም አልፈረደም። አለመቻሉን በራሱ ላይ እየቀለደ ለሁሉም አሳየ። በዚያ ላይ ሰውየው ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለውን የጌም ማጫወቻ እንዴት እንደሠራ መጻሕፍት የጻፈ፣ የኩባንያዎቹን ንግድ ለዓመታት የዘገበ ጋዜጠኛ ነው። የእንዲህ ያለ ዘጋቢ ዝግጅት ሰነድ ማገላበጥና ሰው መጠየቅ ነው፤ አውራ ጣቱ ቢዘገይ አንባቢውን ምን ይጎዳዋል? በዚያች 26 ደቂቃ ተነሥቶ «ካፕሄድ አላግባብ የከበደ ጌም ነው» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ እኔም አብሬ እጮህ ነበር።

እንግዲህ ዘገምተኛ ተጫዋቾች አትፈሩ። እኔን የመሰለ ዘገምተኛ አንባቢም አለ፤ ጌሙ ለእኔ ዓይነቱ ይሆን እንደሆነ የሚነግረኝ እንደ እኔ የሚቸገር ሰው ነው። ብቻ በየትኛው የክብደት ደረጃ እንደተጫወታችሁና የት ላይ እንደቆማችሁ ንገሩን።

መጨረስም እንደሚመስለው ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 የወጣውን ኒር ኦቶማታን ብንወስድ፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ማለፍ ሲጀምር ሰው ጨረስኩ ይላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ታሪኩን በሌላ ገጸ ባሕርይ ዓይን እንደገና ትጫወታላችሁ፤ እሱም ሲያልቅ ፈጽሞ ያልታየ አዲስ ክፍል ይከፈታል። ጌሙ 26 ዓይነት መደምደሚያዎች አሉት፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ልክ። የመጀመሪያው ላይ ቆሞ ስለ ታሪኩ የፈረደ ገምጋሚ ዋናውን አላየም። በሌላ በኩል ፍሪ ፋየርንና ፐብጂን የመሰሉ የስልክ ጌሞች ከነጭራሹ መጨረሻ የላቸውም፤ በየወቅቱ ይለዋወጣሉ። ስለ እነሱ ስትጽፉ ያለባችሁ ዕዳ ቀኑን መጻፍ ነው። የዛሬ ዓመት የጻፋችሁት ዛሬ ስለሌለ ጌም ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ሰዓታቸውን ሳያጎድሉ ስለተሳሳቱ ሰዎች ላንሣ፤ ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። በ2013 ሲምሲቲ የተባለው ከተማ የመገንባት ጌም ሲወጣ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። አስቀድመው የገመገሙት ሰዎች ጌሙን በኢንተርኔት በሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ብቻቸውን ስለነበሩ ሁሉም ነገር ሠራላቸው። ፖሊጎን የተባለው ድረ ገጽ ከ10 ነጥብ 9.5 ሰጠው። ጌሙ ለሕዝብ ሲለቀቅ ሰርቨሮቹ ተጨናነቁ፤ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች መግባት አቃታቸው። ፖሊጎንም ነጥቡን ወደ 8፣ ቀጥሎም ወደ 4 አወረደው። ገምጋሚው ሰነፍ አልነበረም። የተጫወተበት ሁኔታ አንባቢው ከሚጫወትበት ሁኔታ ጋር አልገጠመም እንጂ።

ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በዲሴምበር 2020 ከመውጣቱ በፊት ኩባንያው ለገምጋሚዎች የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ላይ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩም ከለከለ። ከፍተኛ ነጥብ ተዥጎደጎደ። ከዚያ ፒኤስ ፎርና ኤክስቦክስ ዋን ለተባሉት የጌም ማጫወቻዎች (ኮንሶሎች) የገዛው ሕዝብ የሚቆራረጥ፣ በየመሃሉ የሚዘጋ ጌም ገጠመው። የፒኤስ ፎር ሠሪ ሶኒ በአንድ ሳምንት ገደማ ከመደብሩ አነሣው፤ የመለሰውም በጁን 2021 ነው። «ያየሁት የኮምፒውተሩን ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው አልመሰክርም» ብሎ ከላይ በጉልህ የጻፈ ገምጋሚ ዕዳውን ከፍሏል። ይህን ሳይል ለጌሙ በጥቅሉ ነጥብ የሰጠው ግን ባላየው ዕቃ ላይ ፈርሟል።

ይህን የማነሣው እኛ ከተማ ጌም ቤቶች ውስጥ ያለው ያው ፒኤስ ፎር፣ አንዳንዴም ከእሱ የቀደመው ስለሆነ ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ ስለ ኳስ ጌም የጻፈችውን ይዛልኝ መጣች። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አነበብኩት። ቋንቋዋ ያማረ ነው። መሃል ላይ ግን «ተጫዋቹ ሲደክም የመሮጫው ቁልፍ እየጠነከረ ጣታችሁን ይታገላችኋል» የሚል አየሁ።

«የት ነው የተጫወትሽው?» አልኳት።

«እኛ ሰፈር ያለው ጌም ቤት፣ ጋሼ።»

«ምን ኮንሶል አላቸው?»

«ፒኤስ ፎር» ብላ ፈገግ አለች። ጨዋታው ገብቷታል። ጣት የሚታገለው ቁልፍ ከፒኤስ ፋይቭ ጋር የመጣ ነው፤ በፒኤስ ፎር ጆይስቲክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከአንድ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ እንደወሰደችው ሳትሸሽግ ነገረችኝ።

ከዚያ እንደገና ጻፈችው። የጆይስቲኩ መንጃ አልቆ ተጫዋቹ ሳይነኩት ወደ ግራ እንደሚሄድ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ጫጫታ፣ የተሸነፈ ከፍሎ ስለሚነሣ ሰው እንዴት አጥቅቶ ከመጫወት ይልቅ ኳስ ይዞ ማቆየት እንደሚቀናው፣ ተንታኙ ምን እንደሚል ማንም እንደማይሰማው ሁሉ ገባበት። እዚህ ያለ አንባቢ ይህን ሲያነብ ራሱን ያገኛል። ውጭ አገር ተቀምጦ ይህን ሊጽፍ የሚችል ገምጋሚ ደግሞ የለም። ልጅቱ ለሁለተኛው ጽሑፍ የጨመረችው የመጫወቻ ሰዓት እምብዛም አልነበረም፤ የተጫወተችበትን ቦታ ልብ ብላ ማየት ነው የጨመረችው።

ስለዚህ እናንተ ልትመልሱት የሚገባ፣ ሌላው የማይመልሰው ጥያቄ ብዙ ነው። ጌሙ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል ወይስ መግቢያው ላይ ቆሞ ይቀራል? መጫኛው ስንት ጊጋባይት ነው? ዛሬ ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ ጌሞች አሉ፤ ዳታ በጥቅል ገዝቶ ለሚያወርድ ተማሪ ይህ ከግራፊክሱ ውበት በፊት መነገር ያለበት ነገር ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ የተጫወትነው የት ድረስ ተቀምጦ ይቆየናል? ይህን ለማወቅ ሆን ብላችሁ መሃል ላይ ዝጉትና ክፈቱት። የስልክ ጌም ከሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ይግል እንደሆነ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ ጻፉ። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለሌለው ሰው፣ ማለትም ለአብዛኛው አንባቢያችሁ፣ ምንም ሳይከፈል እስከ የት ድረስ ይኬዳል? የተጫዋቹን ስም በፊደላችን መጻፍስ ይቻላል? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መስፈርት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ዛሬም ስማችን ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይ ከሆነ የሠሪዎቹ ቸልተኝነት ነውና ስም ጠርታችሁ ጻፉት።

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች ከፔዳ እስከ ፖሊ ካሉት ተማሪዎች መካከል ይህን ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ማወቅ የማይፈልግ ያለ አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለንም፤ ቀድሞ ያወጣ ነው የሚነበበው» ትሉኛላችሁ። ይህን ምክንያት ከውጮቹ ተውሳችሁታል። እነሱ ጌሙ ከመውጣቱ ቀናት ቀደም ብሎ ይሰጣቸዋል፤ ግምገማ የሚወጣበት ሰዓት ይቆረጥላቸዋል። ስልሳና መቶ ሰዓት የሚፈጅ ጌም በጥቂት ቀናት ተጫውተው ለመጻፍ ሌሊቱን ሲነቁ ያድራሉ። ለእናንተ ማንም ቀድሞ አይልክላችሁም፤ የቆረጠላችሁ ሰዓትም የለም። ታዲያ ያልታሰራችሁበትን ገመድ ለምን ትጎትታላችሁ? የእናንተ አንባቢ ጌሙን የሚያገኘው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ማሻሻያዎቹ ወጥተዋል፤ ሰርቨሩ ሰው ይዞታል ወይም ባዶ ቀርቷል፤ ዋጋውም ወርዷል። ዘግይቶ የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ ሊናገር ይችላል።

ስለ ኳስ ጌሞች አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ከተማ ከሁሉ በላይ የሚነበበው እሱ ስለሆነ። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በሴፕቴምበር 2021 ፔስ የተባለውን የኳስ ጌሙን ኢፉትቦል ብሎ ስሙን ቀይሮ በነጻ ለቀቀው። የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፣ እንቅስቃሴያቸው ተሰነካክሎ መጣ፤ ኩባንያው ራሱ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ። የቀድሞውን ያልተጫወተ ጸሐፊ በፊቶቹ ስቆ አለፈ። ፔስ ላይ ያደገ ጸሐፊ ግን ማስተር ሊግ፣ ማለትም አንድን ቡድን ለብዙ የውድድር ዘመን የሚመሩበት ክፍል፣ አለመኖሩን ወዲያው አየ፤ የሚመረጡት ቡድኖችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የፊቱ ነገር በማሻሻያ ሊስተካከል ይችላል፤ ሰው ክረምቱን ሙሉ የሚጫወተው ክፍል መቅረቱ ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው። በየዓመቱ ለሚወጣ ጌም ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ያለፈውን ማወቅ ነው፤ እሱም ጌም ቤት የዋለ ልጅ ሁሉ በነጻ ያለው ሀብት ነው።

ነጥብ መስጠት ለምትወዱ፦ ቁጥር ከባድ ነገር ነው። በ2010 የወጣውን ፎልአውት ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን የተባለ ኩባንያ ከአሳታሚው ጋር በገባው ውል፣ ጌሙ የግምገማዎችን ነጥብ አማካይ በሚያወጣው ሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኘ ጉርሻ ይከፈለው ነበር። ያገኘው 84 ነው። በአንዲት ነጥብ ጉርሻው ቀረ። የእናንተ ነጥብ ዛሬ ሜታክሪቲክ ላይ አይደመርም። ቢሆንም «7 ከ10» ከመጻፋችሁ በፊት ለምን 6 ወይም 8 እንዳልሆነ የሚመልስ ምክንያት ከሌላችሁ ቁጥሩን ተዉት። በበኩሌ ቁጥር ባትጽፉ ደስ ይለኛል፤ አንባቢ ቁጥሩን አይቶ ጽሑፉን ይዘለዋልና።

ጌሙን በስጦታ ካገኛችሁት ይህንንም ጻፉ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የቀረኝ ስለ አገር ቤት ጌሞች ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው ያገራችን ኩባንያ ኩኩሉን ሠርቷል፤ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበት የሩጫ ጌም ነው። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ስለ እንዲህ ያሉ ሥራዎች በአማርኛ የሚጻፈውን ሳነብ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ምርቃት ነው፦ «ኩራታችን ናችሁ፣ በርቱ፣ ታሪክ ሠራችሁ።» ምርቃት መልካም ነው፤ የሚመረቀው ግን ሰው ነው፤ ጌም ይገመገማል። ዶሮዋ ስትዘል ጣት ከነካበት ቅጽበት ጋር ትገጥማለች? መሰናክሎቹ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ይደጋገማሉ? ገበጣው የየትኛውን አካባቢ ሕግ ነው የተከተለው? ገበጣ ከአገር አገር አጨዋወቱ እንደሚለያይ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁ አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ፣ እነሱ በሚያውቁት ሕግ አንድ ሁለቴ ተጫውታችሁ ተመለሱ። ለዚህ ጌም ዝግጅት ማለት ይህ ነው። ለውጭ ጌም እንቅልፋችሁን አጥታችሁ፣ ያገራችሁን በሁለት ደቂቃ ሞክራችሁ «ኩራታችን» ብትሉት ሠሪዎቹን እንደ ሕፃን ነው የቆጠራችኋቸው። ደግሞም የውጭዎቹ ሠሪዎች እናንተን አያነቧችሁም፤ የእኛዎቹ ግን ያነቧችኋል። አንድ ቀን አንዱ ስልክ ደውሎ፣ ወይም አንድ ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ «ለመሆኑ የትኛው ደረጃ ላይ ደርሰህ ነው እንዲህ ብለህ የጻፍከው?» ሊላችሁ ይችላል፤ ያኔ የደረሳችሁበትን ደረጃ ሳታመነቱ ንገሩት፤ የከበዳችሁንም ቦታ ጠይቁት።